ባለእርከን የሞተር ጀልባ፦ ፍጥነቱ፣ የነዳጅ ቁጠባውና ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የሞተር ጀልባ ለመግዛት ወይም ከውጭ አገር ለማስገባት የሚያቅዱ ተገልጋዮች በአምራቾችና በሻጮች መግለጫ ላይ ከሚያገኟቸው አገላለጾች አንዱ «ባለእርከን ቀፎ» የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ጀልባ ፈጣንና ነዳጅ ቆጣቢ መሆኑ ይነገርለታል፤ ዋጋውም በአብዛኛው ከተራው ቀፎ ከፍ ይላል። የሚነገርለት ጥቅም እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚገኘው በተወሰነ ፍጥነት፣ በተመጠነ ጭነትና በቂ ጉልበት ባለው ሞተር ብቻ ነው። እነዚህ ሳይሟሉ ሲቀሩ ያው እርከን ነዳጅ ከመቆጠብ ይልቅ ሊጨምር፣ አልፎም የተሳፋሪዎችን ደኅንነት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ይህ ጽሑፍ እርከን ምን እንደሆነ፣ ፍጥነትንና የነዳጅ ፍጆታን እንዴት እንደሚለውጥ፣ በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይጠቅም፣ እንዲሁም ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ምን ማረጋገጥ እንዳለበት ያብራራል።

ቀፎው የሚመረመረው በየብስ ላይ ነው

ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭኖ ወደ መሃል አገር የሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ከሚፈጸምባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቃሊቲ ነው። አካባቢው ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች የራቀ ቢሆንም፣ ጀልባ ለሚገዛ ሰው አንድ ትልቅ ዕድል ይሰጣል። ጀልባ ውኃ ላይ ከዋለ በኋላ የሆዱ ቅርጽ አይታይም፤ በተሽከርካሪ ወይም በድጋፍ ላይ ሳለ ግን ገዢው ጎንበስ ብሎ መላውን ቀፎ በዓይኑ ሊያይና በእጁ ሊዳስስ ይችላል።

ተራ የፈጣን ጀልባ ቀፎ ከፊት እስከ ኋላ ያለማቋረጥ የተዘረጋ ለስላሳ ሆድ አለው። በባለእርከን ቀፎ ላይ ግን ሆዱ በአንድ ወይም በሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በበለጡ ቦታዎች ከግራ ወደ ቀኝ ተቆርጦ ይታያል። ከመቁረጫው በስተኋላ ያለው የሆድ ክፍል ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ወደ ላይ ገባ ብሎ ይጀምራል። ለአፈር ጥበቃ በተዳፋት ላይ ከሚሠራ እርከን ጋር ስለሚመሳሰል ስያሜው ይገልጸዋል። በእርከኑ ሁለት ጫፎች፣ በጀልባው ጎንና ጎን፣ አየር የሚገባባቸው ክፍተቶች ይገኛሉ። የእርከኑ ጠርዝ ስለታምና ቀጥ ያለ፣ የአየር መግቢያዎቹም ክፍት መሆን አለባቸው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ጀልባ በውኃ ላይ የሚጓዝባቸው ሦስት ሁኔታዎች

የእርከንን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ ጀልባ እንዴት እንደሚጓዝ መረዳት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሁኔታ ውኃን እየገፉ መጓዝ ነው። በዝግታ የሚሄድ ማንኛውም ጀልባ፣ ከጣና የደንገል ታንኳ እስከ ትልቅ የብረት ጀልባ፣ ክብደቱን የሚያሸክመው ሆዱ ገፍቶ ባስለቀቀው ውኃ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚያስፈልገው ነዳጅ አነስተኛ ቢሆንም ፍጥነቱ ገደብ አለው። ገደቡ የሚወሰነው ውኃውን በሚነካው የጀልባ ርዝመት ነው። የርዝመቱን ስኩዌር ሩት በሜትር ወስዶ በ4.5 በማባዛት ግምታዊውን ገደብ በሰዓት ኪሎ ሜትር ማግኘት ይቻላል። በዚህ ስሌት 6 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 9 ሜትር የሆነው 13.5 ኪሎ ሜትር፣ 16 ሜትር የሆነው ደግሞ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ራሱ በፈጠረው ማዕበል ይያዛል።

ሁለተኛው ሁኔታ የሽግግር ወቅት ነው። ከገደቡ በላይ ለመፍጠን ነዳጅ ሲሰጠው የጀልባው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ የኋላ ጫፉ ወደ ውኃው ይሰምጣል፤ ከኋላው ትልቅ ማዕበል ይከተለዋል። ጀልባው የራሱን ማዕበል ዳገት እየወጣ እንደሚገኝ ይቆጠራል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚባክነው ነዳጅ ከፍተኛ የሚሆነው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ሁኔታ በውኃው ገጽ ላይ መንሸራተት ነው። ሞተሩ በቂ ጉልበት ካለውና ሆዱ ለዚህ የተዘጋጀ ከሆነ ጀልባው ማዕበሉን ያልፍና ከውኃው ከፍ ይላል። ከዚህ በኋላ ክብደቱን በዋናነት የሚሸከመው ከሥሩ በፍጥነት የሚያልፈው ውኃ ወደ ላይ የሚሰጠው ግፊት ነው። አፍንጫው ዝቅ ይላል፤ ማዕበሉ ያንሳል፤ በኪሎ ሜትር የሚፈጀው ነዳጅም ከሽግግሩ ወቅት ይቀንሳል።

እርከኑ የሚሠራው ሥራ

ጀልባ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ዋነኛ ባላጋራው በሆዱና በውኃው መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ውኃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ እፍጋት ስላለው እያንዳንዱ እርጥብ ካሬ ሜትር ዋጋ ያስከፍላል። እርጥቡ ገጽ ሳይለወጥ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ሰበቃው ወደ አራት እጥፍ፣ እርሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ እርጥቡን ገጽ መቀነስ ማለት ነዳጅ መቀነስ ማለት ነው።

እርከኑ ይህን የሚያደርገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በፍጥነት የሚያልፈው ውኃ ከስለታሙ ጠርዝ ሲደርስ ወደ ላይ ታጥፎ የኋላውን ሆድ መከተል ስለማይችል ከቀፎው ይላቀቃል። በተፈጠረው ክፍተት ውስጥ ከጎን መግቢያዎቹ አየር ይሳባል። ከእርከኑ በስተኋላ ያለው የሆድ ክፍል በዚህ ምክንያት ለተወሰነ ርዝመት ውኃ ሳይነካው ይቀራል። ጀልባው በአንድ ረጅም ገጽ ፈንታ በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር ገጾች ላይ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ እርከኑ የጀልባውን ዘንበል ያለ አቋም ይጠብቃል። ተንሸራታች ቀፎ በአነስተኛ ድካም የሚጓዘው ሆዱ ከውኃው ገጽ ጋር አራት ዲግሪ አካባቢ ማዕዘን ሲኖረው ነው። ተራ ቀፎ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አፍንጫው እየወረደ፣ ማዕዘኑም እየጠበበ ስለሚሄድ ረጅም የሆድ ክፍል ከውኃ ጋር ይሳሳማል። ባለእርከን ቀፎ ግን ከፊትም ከኋላም የሚደግፈው ገጽ ስላለ ተስማሚውን ማዕዘን ሳይለቅ ይፈጥናል።

የዚህ ሁሉ ድምር ውጤት በጥሩ ሁኔታ በተነደፈ ጀልባ ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚገመት ጥቅም እንደሚያስገኝ በዘርፉ በስፋት ይነገራል። ጥቅሙ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው በአብዛኛው ጀልባው በሰዓት ከ45 እስከ 55 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ውኃው ከጠርዙ በሚገባ ስለማይላቀቅ እርከኑ አዙሪት እየፈጠረ ጀልባውን ወደ ኋላ ይጎትታል። በዝግታ ለሚጓዝ ጀልባ እርከን ሸክም ነው።

የአሠራሩ አመጣጥ

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ሚድ ራመስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ በ1872 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባለእርከን ቀፎን ለብሪታንያ የባሕር ኃይል አቅርበው ነበር። ታዋቂው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በሞዴል ላይ ከሞከሩት በኋላ በዘመኑ የነበሩት ከባድ የእንፋሎት ሞተሮች ቀፎውን ለጥቅም በሚያበቃ ፍጥነት ሊያስኬዱት እንደማይችሉ ተረጋገጠ። ሐሳቡ ሥራ ላይ የዋለው ቀላልና ብርቱ የቤንዚን ሞተሮች በተገኙበት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ፈጣን የባሕር ዳርቻ ጀልባዎች ይህን ቅርጽ ይዘው ተሠርተዋል። በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችም ከውኃው በቀላሉ እንዲላቀቁ በሆዳቸው ላይ እርከን ይደረግላቸዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ዛሬም ያገለግላል፤ ጉልበቱ ካልበቃ ቅርጹ ብቻውን ፍጥነት አይሰጥም።

ቁጠባው በስሌት ሲታይ

ብዙ ባለጀልባዎች የነዳጅ ፍጆታን የሚናገሩት በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚፈጅ በመግለጽ ነው። ለንጽጽር የሚጠቅመው ግን በኪሎ ሜትር የሚፈጀው መጠን ነው። የሚከተለው ምሳሌ አሠራሩን ለማስረዳት የተወሰደ ግምት ሲሆን፣ 7 ሜትር ርዝመትና 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት፣ ቀለል ያለ ጭነት የያዘ ጀልባን ይመለከታል። እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ በሰዓት 38 ሊትር ገደማ ይፈጃል ተብሎ ይታሰባል።

• በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰዓት 5 ሊትር ቢፈጅ፣ በኪሎ ሜትር 0.5 ሊትር ይሆናል።
• በሽግግሩ ወቅት፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ፣ 22 ሊትር ቢፈጅ፣ በኪሎ ሜትር 1.1 ሊትር ይሆናል።
• በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተንሸራተተ 24 ሊትር ቢፈጅ፣ በኪሎ ሜትር 0.6 ሊትር ይሆናል።
• በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር በሙሉ ጉልበት 38 ሊትር ቢፈጅ፣ በኪሎ ሜትር 0.69 ሊትር ይሆናል።

ይህ ጀልባ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቢሆን በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 27.6 ሊትር ያስፈልገዋል። ባለእርከን ቀፎ በዚህ ፍጥነት ላይ 10 በመቶ ቢቆጥብለት ፍጆታው ወደ 24.9 ሊትር ይወርዳል፤ የቀኑ ቁጠባ ከሦስት ሊትር ያነሰ ነው። በሌላ በኩል፣ ያው ጀልባ ምንም እርከን ሳይኖረው ፍጥነቱን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ የሚያስፈልገው 24 ሊትር ብቻ ነው። ባለቤቱ በጉዞው ላይ 16 ደቂቃ ገደማ ይጨምራል፤ ነገር ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ እርከኑ ከሚያስገኝለት የበለጠ ነዳጅ ይቆጥባል።

ከሁሉ የከፋው ውጤት የሚገኘው ጀልባው ከመጠን በላይ ተጭኖ ከሽግግሩ ወቅት መውጣት ሲያቅተው ነው። በዚህ ጊዜ ለ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ 44 ሊትር ይፈጃል። ተመሳሳዩን መንገድ በዝግታ ቢሄድ 20 ሊትር ይበቃው ነበር። አፍንጫው ወደ ላይ የተነሣ፣ ሞተሩ የሚጮኽ፣ ከኋላው ትልቅ ማዕበል የሚጎትት ጀልባ ለባለቤቱ ከፍተኛውን ወጪ የሚያስወጣ ጀልባ ነው። አሽከርካሪውም ከፊቱ ያለውን ዋናተኛ ወይም ታንኳ በሚገባ ማየት አይችልም።

የኢትዮጵያ ሐይቆች ከፍታና የሞተር ጉልበት

አምራቾች የሚያወጡት የፍጥነትና የፍጆታ አኃዝ በአብዛኛው በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ነዳጁን ለማቃጠል የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ተርቦ ያልተገጠመለት ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት እንደሚያጣ ይገመታል። የውኃው እፍጋት ግን በከፍታ ምክንያት አይለወጥም፤ ጀልባው የሚገጥመው የውኃ ሰበቃ በባሕር ላይ ከሚገጥመው አያንስም። ሞተሩ ይደክማል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ለአቃቂ ቃሊቲ ቅርብ የሆነውና የትልቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተሸጠ ሞተር በዚህ ቦታ ቢሞከር ሊሰጥ የሚችለው 80 ገደማ ነው። 1,790 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጣና ሐይቅ ላይ 82 ገደማ፣ 1,700 ሜትር ገደማ በሆነው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ 83 ገደማ፣ 1,100 ሜትር ገደማ በሆነው ጫሞ ሐይቅ ላይ ደግሞ 89 ገደማ ይሆናል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የውኃው ገጽ 640 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሆን የሚታጣው ጉልበት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የተሳፋሪ ክብደት ይጨመራል። አሥራ ሁለት ሰዎች በአማካይ 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ 900 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ይህም ለ7 ሜትር ጀልባ ከባድ ጭነት ነው። አምራቹ ሁለት ሰው አሳፍሮ በባሕር ላይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የለካው ጀልባ፣ በጣና ላይ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ እርከኑ ከሚሠራበት ፍጥነት ላይደርስ ይችላል። ገዢው ለእርከኑ የከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በዚህ ጊዜ አገልግሎት አይሰጥም።

የደኅንነት ጉዳዮች

ባለእርከን ቀፎ ከተራው ቀፎ የተለየ የአነዳድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚከተሉት ጉዳዮች በተለይ ተሳፋሪ ለሚያጓጉዙ ጀልባዎች ወሳኝ ናቸው።

በፍጥነት መታጠፍ፦ ከሆዱ ሥር አየር ስላለ የጀልባው የኋላ ክፍል ውኃውን የሚቆነጥጥበት ገጽ አነስተኛ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት በድንገት ሲታጠፍ የኋላው ክፍል ተንሸራቶ ጀልባው ባልተጠበቀ አቅጣጫ ሊዞር፣ ተሳፋሪዎችም ወደ ውኃ ሊወረወሩ ይችላሉ። አሽከርካሪው ከመታጠፉ በፊት ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መቀነስና ሰፊ መዞሪያ መያዝ አለበት። የሞተሩ አቋም አፍንጫውን አጥብቆ ወደ ታች በሚጫን ሁኔታ ላይ ሆኖ በፍጥነት መታጠፍ አደጋውን ያባብሳል።

የጭነት አቀማመጥ፦ እርከኖቹ የሚቀመጡት የጀልባው የክብደት ማዕከል ተሰልቶ ነው። ተሳፋሪዎች ሁሉም ወደ ፊት ወይም ወደ አንድ ጎን ሲሰባሰቡ ስሌቱ ይፋለሳል። በጉዞ ወቅት አዞ፣ ጉማሬ ወይም ወፍ ለማየት ተሳፋሪዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን እንዳይነሡ አስቀድሞ ማስገንዘብ ያስፈልጋል።

የአየር መግቢያ መዘጋት፦ በጣና፣ በቆቃ፣ በዝዋይና በአባ ሳሙኤል የሚታየው የእምቦጭ አረም፣ እንዲሁም ፕላስቲክና ጭቃ የአየር መግቢያዎቹን ሊዘጉ ይችላሉ። መግቢያው ሲዘጋ አየር ሊገባበት የሚገባው ክፍተት ውኃውን ወደ ላይ ይስባል፤ ጀልባው ይጎተታል። አንደኛው ጎን ብቻ ሲዘጋ ደግሞ በግራና በቀኝ ያለው ሰበቃ ስለሚለያይ ጀልባው ቀጥ ብሎ መሄድ ሊያስቸግረው ይችላል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት መግቢያዎቹን መፈተሽ ይገባል።

ማጓጓዝና ማሳረፍ፦ ከቃሊቲ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አርባ ምንጭ በተሽከርካሪ የሚጫን ባለእርከን ጀልባ የድጋፍ እንጨቶቹ በእርከኑ ጠርዝ ላይ እንዳያርፉ መደረግ አለበት። በረጅም መንገድ ንቅናቄ የተሸረፈ ወይም የተጣመመ ጠርዝ ውኃውን በትክክል ስለማይለቅ የቀፎው ጥቅም ይቀንሳል።

ማንኛውም የቀፎ ዓይነት የሕይወት አድን ጃኬትን አይተካም። የተሳፋሪ ቁጥር ከተፈቀደው እንዳይበልጥ ማድረግም የባለቤቱና የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው።

በነባር ጀልባ ላይ እርከን ስለ መበየድ

በአቃቂ ቃሊቲና በሌሎች አካባቢዎች ባሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች ላሜራ በማስበየድ ጀልባ ለማሠራት ወይም ለማሻሻል የሚፈልጉ ባለቤቶች ይኖራሉ። በነባር ቀፎ ላይ እርከን ቆርጦ ማስገባት ወይም ከሥር መበየድ ግን ያለ ንድፍ ባለሙያ ስሌት ሊደረግ አይገባም። የእርከኑ ቦታ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ቢሳሳት ጀልባው በፍጥነት ላይ አፍንጫውን እያነሣና እየጣለ ሊዘል ይችላል። በብየዳ ሙቀት የተጣመመ ላሜራ፣ የተድቦለቦለ ጠርዝና ያልተስተካከለ የብየዳ ጠባሳ ውኃው እንዳይላቀቅ ያደርጋሉ። የቀፎው ጥንካሬም በተቆረጠበት ቦታ ይዳከማል። ለዚህ ሥራ የሚወጣውን ገንዘብ ሆዱን ለማለስለስና ተስማሚ ፕሮፔለር ለመግዛት ማዋል የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ለማን ይጠቅማል? ለማንስ አይጠቅምም?

ባለእርከን ቀፎ ሊጠቅም የሚችለው ረጅም ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት ለሚጓዝ፣ ጭነቱ ብዙ ለማይለዋወጥና የሠለጠነ አሽከርካሪ ላለው ጀልባ ነው። ለነፍስ አድን፣ ለቁጥጥርና ሕሙማንን በአስቸኳይ ለማድረስ የሚያገለግል ጀልባ በዚህ ምድብ ሊገባ ይችላል። ከደቡብ እስከ ሰሜን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ጣና ወይም በሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲሰጥ የፍጥነቱ ጥቅም ትርጉም ይኖረዋል። አዲስ በተሞሉ የግድብ ሐይቆች ላይ ግን ከውኃ በታች የቀሩ ዛፎችና ተንሳፋፊ ግንዶች ስለሚኖሩ የፍጥነት መንገዱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በአንጻሩ፣ ምእመናንንና ጎብኚዎችን በዝግታ ወደ ጣና ገዳማት የሚያደርሱ፣ በጫሞ አዞና ጉማሬ የሚያስጎበኙ፣ በሐዋሳ ዳርቻ አጫጭር ሽርሽር የሚያደርጉ፣ እንዲሁም ለዓሣ ማስገር ቀኑን ሙሉ እየቆሙ የሚነሡ ጀልባዎች ከእርከን የሚያገኙት ጥቅም የለም። ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው ዝዋይ ሐይቅ ላይም ከፍጥነት ይልቅ ቀላልነትና ጥቂት ውኃ ላይ መንሳፈፍ መቻል ይመረጣል። ለእነዚህ አገልግሎቶች ለስላሳ፣ ሰፊና የተረጋጋ ተራ ቀፎ ከአነስተኛ ሞተር ጋር የተሻለ ምርጫ ነው።

ከግዢ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ገዢው ለሻጩ ወይም ለአምራቹ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቦ መልሱን ከውሉ ጋር ቢይዝ ይመከራል።

1. የተገለጸው ፍጥነትና የነዳጅ ፍጆታ የተለካው በስንት ሰውና በስንት ኪሎ ግራም ጭነት ነው?
2. ልኬቱ የተካሄደው በምን ያህል ከፍታ ላይ ነው?
3. ጀልባው መንሸራተት የሚጀምረው በስንት ፍጥነት ነው? እርከኑስ ጥቅም መስጠት የሚጀምረው መቼ ነው?
4. ተመሳሳይ ርዝመትና ሞተር ያለው ተራ ቀፎ በኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይፈጃል?
5. ለከፍታ ቦታ የሚስማማ ፕሮፔለር አብሮ ይቀርባል?
6. አምራቹ የፈቀደው ከፍተኛ የተሳፋሪ ቁጥር፣ የጭነት መጠንና የሞተር ጉልበት ስንት ነው? ይህን የሚያሳይ ሰሌዳ በጀልባው ላይ አለ?
7. ለአሽከርካሪው ስለ መታጠፍና ስለ ጭነት አቀማመጥ ሥልጠና ወይም የጽሑፍ መመሪያ ይሰጣል?

ሻጩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ካልቻለ «በዚህን ያህል በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው አባባል ለግዢ ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይችልም።

የነዳጅ ፍጆታን በራስ መለካት

ባለጀልባዎች የራሳቸውን ጀልባ ፍጆታ በቀላል ዘዴ ማወቅ ይችላሉ። ነፋስ በሌለበት ማለዳ የነዳጅ ጋኑ ሙሉ ይደረጋል። የተለመደውን ያህል ጭነት በመያዝና በስልክ ላይ ባለ የአቅጣጫ መጠቆሚያ ፍጥነትን በመከታተል የተወሰነ ርቀት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል፤ ደርሶ መመለሱ የነፋስንና የውኃ ፍሰትን ተጽዕኖ ያቻችላል። ከዚያ ጋኑ በሊትር እየተለካ እንደገና ይሞላል። የተጨመረው ሊትር ለተጓዙበት ኪሎ ሜትር ሲካፈል ፍጆታው ይገኛል። ይህን በዝግታ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ በመመዝገብ ጀልባው አነስተኛ ነዳጅ የሚፈጅበትን ፍጥነት ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ያለ አዲስ ጀልባ ነዳጅ መቆጠቢያ መንገዶች

• ከጀልባው ላይ አላስፈላጊ ክብደትን፣ በተለይም በሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃን ማስወገድ፤
• በሆዱ ላይ የበቀለ አልጌና የተጣበቀ ጭቃን በየጊዜው ማጽዳት፤
• የተጣመመ ወይም የተሸረፈ ፕሮፔለር መጠገን ወይም መለወጥ፣ በከፍታ ላይ ሞተሩ የሚገባውን ዙር ካላገኘ ደግሞ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ያነሰ ፕሮፔለር መምረጥ፤
• የሞተሩን ከፍታና ዘንበል በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማስተካከል፤
• ጀልባው በሙሉ ጭነት መንሸራተት ካልቻለ በሽግግር ፍጥነት ከመጓዝ ይልቅ በዝግታ መጓዝ ወይም ጭነቱን በሁለት ጉዞ መክፈል።

በኢትዮጵያ የውኃ አካላት ላይ የሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎትን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ጀልባ ወደ አገር ለማስገባት፣ ለማሠራት ወይም በተሳፋሪ ማጓጓዝ ሥራ ላይ ለማሰማራት የሚፈልጉ ተገልጋዮች ውል ከመፈረማቸው በፊት ስለ ምዝገባ፣ ስለ ደኅንነት መስፈርትና ስለ አሽከርካሪ ብቃት ከባለሥልጣኑና ጀልባው ከሚሠራበት ክልል የትራንስፖርት ቢሮ መረጃ እንዲያገኙ ይመከራል። ጀልባው ከተገዛና ከሐይቁ ከደረሰ በኋላ ቀፎውን መለወጥ አይቻልም፤ በየብስ ላይ ሳለ ግን መመርመርም፣ መጠየቅም፣ መተውም ይቻላል።